የሁዳዴ መኮሮኒ

«እትዬ ፋዲላ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ፤ ጨው በቅቶታል?» ውባለም ጭልፋውን በሁለት እጇ ይዛ በምድጃው ላይ አሻግራ ዘረጋችላት። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ሲመጣ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ሁዳዴ ነው፤ ወተትና ዕንቁላል የገባበትን ነገር ትሠራለች እንጂ በምላሷ አታስነካም።

በዚህ ግቢ እንዲህ ሲሆን ዛሬ አምስተኛ እሁድ ነው። ሸዋ ሮቢት የሰፈረው የጣሊያን ካፒታን ሙቀቱና ሥራ መፍታቱ ቢያናድዱት ይህን ጨዋታ አመጣ። ሁለቱ ሴቶች በየሳምንቱ እሱ በልቶት የማያውቀውን ምግብ ይሠሩለታል፤ እሁድ እሁድ መጥቶ ይፈርዳል። ያሸነፈችው ለታሰረባት ሰው ስንቅ ታስገባለች። የተሸናፊዋ እስረኛ ሳምንቱን በእፍኝ በቆሎ ይከርማል። የውባለም ባል ተክሌና የፋዲላ አንድያ ልጅ ሳልህ ለአርበኞች እህል አቀብላችኋል ተብለው የተያዙት በአንድ ቀን ነው።

አራቱን እሁድ እንኳ ተሳስበው አልፈውታል። ፋዲላ ትቀምስላታለች፤ ሦስት ጊዜ ያሸነፈችው ውባለም ደግሞ ከተክሌ አገልግል ግማሹን ለሳልህ ትልካለች። የዛሬው ግን ሌላ ነው። እስረኞቹ ነገ ጧት በካሚዮን ተጭነው ወደ ባሕር ዳርቻ ሊሄዱ ነው፤ ወደዚያ ከተወሰዱት የአንዱም ወሬ አልተሰማም። ካፒታኑ «የዛሬዋ አሸናፊ ሰውዋን ታስቀራለች» ብሎ ልኮባቸዋል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው።

«ቢስሚላህ» አለችና ፋዲላ ቀመሰች።

መኮሮኒው በወተት ተቀቅሎ፣ በዕንቁላልና በአይብ ተለውሶ፣ ኮረሪማ ያለው ቅቤ ፈሶበታል። ይቺ ልጅ ይኼን ከየት አመጣችው! ጨዉ ልክ ነው። ፋዲላ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር አልቀመሰችም። እሷ የፍየል ሥጋ ሞልታ በቅቤ የጠበሰችው የማሽላ ሊጥ ከዚህ ጋር ቢቀርብ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?

«ጨው ይቀረዋል፣ ልጄ» አለች።

«አይ የኔ ነገር! እኔ እኮ ፈርቼ ነው ያሳነስኩት።» ውባለም ከአሞሌው ፈርፍራ ጨመረች፣ አማሰለች፣ ጭልፋውን መልሳ ዘረጋች። «አሁንስ?»

አሁን በዝቷል። ቢሆንም ይበላል፤ ካፒታኑ ጨው የሚወድ ሰው ቢሆንስ? ፋዲላ ይህችን ዕድል እንኳ ልትተውላት አልፈለገችም። ውባለም ገና የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ሌላ ባል ታገባለች፤ እኔ ሌላ ሳልህ ከየት አመጣለሁ? ስትል አሰበች።

«አንድ ቁንጥር አክዪበት» አለች። ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ራሷን አስደነገጣት።

«እውነትዎን ነው?»

«ምነው፣ ምላስ የለኝም እንዴ?» ወላሂ ልትል ነበር፤ አፏ አልታዘዝ አላት።

ውባለም ጨምራ አማሰለችና ጉንጯን ሳመቻት። «እርስዎ ባይኖሩልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!»

ካፒታኑ ከአስተርጓሚው ከገብረሚካኤልና ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ። ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳህኖቹን አየና አንድ ነገር ተናገረ። ገብረሚካኤል መሬት መሬቱን እያየ ተረጎመው፤ «እዚህ ቅርብ ጀውሃ ላይ አንድ መኮንን በምግብ ተመርዟል። ከዛሬ ጀምሮ የሠራችው ቀድማ ትብላ ብለዋል።»

«ኧረ በእመቤቴ! ሁዳዴ እኮ ነው፣ ጋሼ፤ ይንገሩልኝ።»

ነገረላት። ካፒታኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እምቢ ካለች ያለምንም ውድድር ባሏ ይጫናል አለ።

ፋዲላ የራሷን ቆርሳ ጎረሰች፤ እንጨት እንጨት አላት። ምነው ያንን ሳህን ገፍቼ በደፋሁት አለች በልቧ። እጇ ግን ቀሚሷን ጨምድዶ ይዞ ቀረ።

ውባለም አማተበች። ዕንባዋ እየወረደ ጎረሰች። አንዴ አኘከች፣ ሁለቴ አኘከች፣ ከዚያ መንጋጋዋ ቆመ። ዕንባዋም ቆመ። ዓይኗን ከሳህኑ አንሥታ ፋዲላን ትክ ብላ አየቻት፤ እያየቻትም ዋጠችው።

አሁን ትናገርብኛለች፣ አለቀልኝ፣ ሳልህም አለቀለት አለች ፋዲላ። ውባለም ግን አፏን ጠርጋ ሳህኑን ወደ ካፒታኑ አስጠጋችው።

ካፒታኑ አንድ ጊዜ ጎረሰና እንትፍ አለው። ውሃ አስመጥቶ ተጉመጠመጠ፤ ከፋዲላ ሳህን ግን ሦስት ቁራሽ በላ።

«ስም ጥሪ» አላት ገብረሚካኤል።

«ሳልህ።»

ጻፈው። የቀረው ሁሉ ነገ ከጎህ በፊት እንደሚጫን ለውባለም ነግሯት ሰዎቹን ተከትሎ ወጣ።

ፋዲላ እቆመችበት ቀረች። ትጮኽብኛለች፣ ፀጉሬን ትነጨኛለች ብላ ጠበቀች፤ ብታደርገው ዕዳው በቀለላት ነበር። ውባለም ግን እሳቱን ከድስቱ ሥር አወጣች፣ አጠፋችው፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«የመጀመሪያው ጨው ይበቃሽ ነበር» አለቻት። «ሁለተኛውን ምን ፈልገሽ ነው?»

ከዚያ የተክሌን ጋቢ ከገመዱ ላይ አውርዳ ለመንገዱ ታጥፍለት ጀመር።