ቦዝ አንቀጽ

«ደርሶ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ማሰሪያ ካላገኘ ዐረፍተ ነገር አይሆንም። መመለሻውን ቆርጦ የሚሄድ ሰውም እንዲሁ ነው።

የሆሳዕናው የአቡጀዲ ነጋዴ ሸምሱ ወደ ጅዳ ሊሄድ፣ ዳግመኛም ላይመለስ ወስኖ ነበር። ሚስቱ ሉባባ እንዳትጠረጥረው ከደርሶ መልስ ቲኬቱ የመመለሻውን ወረቀት ገንጥሎ ሰጣትና «እስክመጣ ለማንም እንዳትሰጪ» ብሎ አስማላት። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን የአውሮፕላን ጣቢያው ጸሐፊ «መመለሻ የሌለውን ሰው አናሳፍርም» አለው። ስለዚህ ያ ኩሩ ሰው በማግስቱ ሆሳዕና ከአውቶቡስ ወርዶ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ፣ በገዛ በራፉ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«ወረቀቷን ስጪኝ፤ ሌላው አውሮፕላን ነገ ነው።»

ሉባባ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻትን ወረቀት በጣቷ ዳሰሰች እንጂ ቋጠሮውን አልፈታችም።

«ለማንም እንዳልሰጥ አስምለኸኝ የለ?»

«እኔ ማንም ነኝ እንዴ?»

«እሱን አላህ ያውቃል። ግን ሸምሱ፣ መመለሻው እኔ ዘንድ ከቀረ፣ አንተ በምን ልትመለስ ኖሯል?»

ሸምሱ አፉን ከፈተ፤ መልስ ግን አልነበረውም።

አውሮፕላኑ ያለ እርሱ በረረ። የሆሳዕና ገበያም ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቱ ያወጣለትን ስም ትቶ «ደርሶ» ብሎ ጠራው።