ዝሆኑ ግቢ የገባ ቀን

ፎቶ አንሺው ያንን ፎቶ የላከልኝ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? ከትናንት ጀምሮ የማስበው ይህንኑ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምሠራው አራዊት በሚጠበቁበት ጫካ ውስጥ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ልብስ አጣቢ ነኝ። እንግዶቹ ጠዋት በመኪና ወጥተው አንበሳና ዝሆን ፎቶ ሲያነሱ ይውላሉ፣ እኔ አንሶላቸውን አጥባለሁ። የሰባት ወር ልጄ ጀርባዬ ላይ ናት። አባቷ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ነው።

ግቢው ዙሪያውን ኤሌክትሪክ ባለው ሽቦ ታጥሯል። ዝሆን አንዴ ከነዘረው ሁለተኛ አይጠጋም። ጥበቃው ሽማግሌ ነው፣ አባባ ፉጨት እንለዋለን። እያፏጨ አጥሩን ሲዞር ይውላል። ሽቦውን የነካ ሣር ካገኘ ያጭዳል፣ እርጥብ ነገር ከነካው ኃይሉ ይሞታል ይላል።

የሠራተኛ ልብስ ከእንግዳ አንሶላ ጋር ማስጣት ክልክል ነው። ስለዚህ ከክፍሌ መስኮት ጀምሬ ጓሮው ላይ ገመድ ወጠርኩ። ልጅ ስላዘልኩ ማዶ ያለውን ጫፍ ያሰረልኝ አባባ ነው።

"በይ ልጄ፣ የልዕልቷ ልብስ ማስጫ ተመርቋል" አለና አሳቀኝ።

ያኔ ልጄን ተቅማጥ ይዟት ነበር። ጨርቅ አልበቃ ብሎኝ በቀን አሥር ጊዜ አጥብ ነበር። ሐሳቤ ሁሉ እሷ ላይ ነበር።

ፎቶ አንሺው የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ከመርዘሙ የተነሣ ቀጭኔ አልነው። አራት ቀን ሙሉ ጫካ ውሎ ዝሆን በቅርብ ሳያገኝ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ዘንቢሌን ይዤ ሳልፍ ከአባባ ጋር ቆሞ ሲያወራ ሰማሁት።

"ይሄ ሽቦ ባይኖር እኮ ዝሆኑ እዚህ የውሃ ጋኑ ድረስ ይመጣልኝ ነበር።"

"ይመጣል፣ ከዚያ አንተን ማን ከመሬት ያነሳሃል?" አለው አባባ። ሁለቱም ሳቁ። ቀጭኔ አንድ ነገር አባባ ኪስ ውስጥ ከተተ። አባባ ኪሱን መታ መታ አደረገ።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ በር እየከፈተ የሚዘጋ ነፋስ። እኔ እተኩሳለሁ፣ ልጄ ተኝታለች። ድንገት ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ትልቅ ዝሆን ግቢ ውስጥ ነው። ቀጭኔ በረንዳው ላይ ቆሞ ያነሳል፣ ካሜራውን ደግኖ የጠበቀ ነበር የሚመስለው። ዝሆኑ ጋኑን ገፋው፣ ጋኑ ወጥ ሠሪው እግር ላይ ወደቀ፣ እግሩ ተሰበረ። አባባ ከጓሮ ጣሳ እየደበደበ ሮጦ መጣና ዝሆኑን አስወጣው።

ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ሽቦውን አስፈተሸ። ዝሆኑ ሲገፋው ረገበ እንጂ አልተበጠሰም፣ ይነዝራል። እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው አጥፍቶት መልሶ አብርቶታል። የማብሪያው ቁልፍ ያለው ደግሞ አባባ ጋ ብቻ ነው። ሁላችንንም ሰበሰበን።

"ያየ ይናገር!"

ወደኔ ዞረ። "አንቺ፣ ጓሮ የምትውይው አንቺ ነሽ። ምንም አላየሁም ልትይኝ ነው?"

ፈራሁ። ሥራዬም ቤቴም እዚያው ነው፣ ልጄ ታማለች። "ቀጭኔ፣ ማለቴ እንግዳው፣ ሽቦው ባይኖር ሲል ሰምቻለሁ። አባባ ኪስ ውስጥም የሆነ ነገር ሲከት አይቻለሁ" አልኩ። አልዋሸሁም።

ቀጭኔ አልነካሁም ብሎ ማለ፣ ማን ይመነው። አባባ ግን አንዴ እኔን፣ አንዴ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጅ አየ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራበትን ግቢ በዚያው ቀን ለቀቀ። ሻንጣውን ይዞ በክፍሌ በኩል አለፈ።

"ልጄ፣ ገመድሽን ፈትቼልሻለሁ። ሌላ ቦታ ወጥሪው።"

ስለመሰከርኩበት ተቀይሞኝ ነው ብዬ ቀና ብዬ እንኳ ደህና ሁን አላልኩትም። በኋላ የልጄን ጨርቅ ስሰበስብ ቢጫዋ ፎጣዋ የለችም። ለአስተናጋጇ ብነግራት "ዝሆኑ ለልጁ ወስዷት ይሆናላ!" አለችኝና ተሳሳቅን።

የአባባን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት መስኮት አለው፣ ፀሐይ ይገባዋል። ልጄም ዳነች። አባባ ልጁ ቤት ነው አሉ። ሾፌሩ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር፣ "ማፏጨቱን ትቷል" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ ግን እውነት ነው የተናገርኩት እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ፖስታ አመጣልኝ። "ለልብስ አጣቢዋ" ይላል። ውስጡ አንድ ፎቶ ብቻ ነው፣ ደብዳቤ የለውም። ዝሆኑ ጋኑ አጠገብ ቆሟል። እሱን ብቻ አይቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ትናንት ልጄን አቅፌ ስቆም የፎቶውን ጥግ በጣቷ ነካካችው፣ ጠጋ ብዬ አየሁት። ከዝሆኑ ኋላ አባባ አለ። ዓይኑ ላይ አዲስ መነጽር፣ ከኪሱ የሚታየው የመነጽር ማኅደር ነው። የእኔ ገመድ ከአጥሩ ምሰሶ ላይ ታስሯል። አባባ ጎንበስ ብሎ ከሽቦው ላይ የልጄን ቢጫ ፎጣ እያላቀቀ ነው።

እባካችሁ ምከሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ፎቶውን ለማን ታሳዩ ነበር?