ካኔሎ ያሳደገውን ሰው ለምን ሸሸው?

ቁጭ በሉ... ሳትነቃነቁ አዳምጡኝ። ሻይ ልቅዳ ብሎ የሚነሳ ሰው እንዳላይ!

ግሪሰልዳ፣ አንቺ የእህቴ ልጅ፣ እንደተናገርኩት ጻፊው። አታሳምሪው።

"ውሻው ያውቃል!" አልኳት ጎረቤቴን ኦፌሊያን። "ውሻ በሰው አይሳሳትም። ልጅሽ አንድ ነገር ቢያደርገው ነው።"

አዎ... እኔ ነኝ ያልኩት። ምላሴን ይቁረጠው!

ውሻው ካኔሎ ነው። ልጇ ኒካኖር በጡጦ ያሳደገው።

እኛ የምንኖርበት በረሃ፣ ከቱሳን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጅራቱን እንደ ቃጭል የሚያንቃጭል መርዘኛ እባብ ሞልቶበታል።

አምና ካኔሎ አፍንጫው ላይ ተነደፈ... ፊቱ አብጦ ዱባ አከለ። በስንት መከራ ተረፈ።

ከዚያ ኦፌሊያ ውሾች እባብ እንዲሸሹ የሚማሩበት ቦታ ወሰደችው።

አፉ የታሰረ እባብ ያስቀምጣሉ። ውሻው ሊያሸተው ሲጠጋ አንገቱ ላይ ያሰሩለት ነገር በኤሌክትሪክ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ሁለት ሶስቴ... በቃ! ከዚያ ወዲህ ሽታው ከመጣ እግሬ አውጪኝ ነው።

ዘንድሮ ኒካኖር ከአራት ዓመት በኋላ ከከተማ ተመለሰ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ካኔሎ ከእግሩ ስር አልተለየም።

በሁለተኛው ሳምንት... ጉድ!

ኒካኖር ገና በር ሲገባ ውሻው ፀጉሩ ይቆማል። እያጉረመረመ ወደ ኋላ... ወደ ኋላ... አልጋ ስር።

"ምን አድርገኸው ነው?" ትላለች እናቱ።

"ምንም እማዬ... እኔም ግራ ገብቶኛል።"

"መተኸዋል?"

"እኔ?! ካኔሎን?!"

በዚያ ላይ ጎህ ሳይቀድ ክዳን ያለው ባልዲ ይዞ ይወጣል።

"የት ነው የምትሄደው?"

"ሥራ።"

"የምን ሥራ?"

"እ... ሥራ ነዋ።"

ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ ነው እኔ ያቺን ምክሬን የሰጠሁት።

በማግስቱ ኦፌሊያ ሻንጣውን በረንዳ ላይ አወጣችው።

ኒካኖር ሻንጣው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ፣ አንዲት ፒክአፕ መጥታ ቆመች። ካኔሎን ያስተማረችው ሴት፣ ኤውላሊያ!

"አንተ ልጅ፣ ምነው ቀረህ? ሰው እየጠበቀን እኮ ነው!"

ካኔሎ ብቅ አለ... ኒካኖርን አሸተተና እያጉረመረመ ወደ ኋላ።

ሴትየዋ አጨበጨበች! "ጎበዝ ካኔሎ! አልረሳም!"

በረንዳው ላይ እኔና ኦፌሊያ ተያየን።

"ምኑን ነው ያልረሳው?" አለች ኦፌሊያ።

"ትምህርቱን ነዋ! ልጅሽ እኮ እባብ እባብ ይሸታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእኔ ጋር ከየሰው ግቢ እባብ እየያዘ ሸለቆ ሲያደርስ የከረመ ሰው ምን እንዲሸት ፈልገሽ ነው? ሽቶ?"

ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ "አንተም እስከ ዛሬ አልነቃህም? ሞኝ!"

ሴትየዋ እንዳለችው ከእናቱ ግቢ ብቻ አራት አውጥቷል... ካኔሎ ከሚተኛበት በረንዳ ማዶ፣ ከእንጨት ክምሩ ስር!

ኦፌሊያ ፊቷ ልውጥ አለ። "ምለህልኝ አልነበር?"

አባቱ በእባብ ተነድፎ ሁለት ጣቱን ስላጣ፣ እባብ የሚባል እንደማይነካ በልጅነቱ አስምላዋለች። ለካ ለዚህ ነው የደበቃት።

"ምያለሁ እማዬ... ግን ካኔሎ ሁለተኛ ከተነደፈ አይተርፍም ብለሽ ስታለቅሺ ሰማሁሽ።"

ቦት ጫማውን አወለቀ። ጃኬቱን ወረወረ። በግቢው ጎማ ውሃ፣ በሳሙና፣ እስከ ትከሻው ታጠበ።

ካኔሎ አንድ እርምጃ... አሸተተ... ቆመ... ሌላ እርምጃ...

ዘሎ ደረቱ ላይ!

ኦፌሊያ ሻንጣውን አንስታ ወደ ቤት ይዛው ገባች።

አያችሁ ወገኖቼ... ካኔሎ የፈራውን በትክክል ነው የፈራው። የተሳሳትነው እኛ ነን፣ የእሱን ፍርሃት አይተን ልጁን ጥፋተኛ ያደረግነው።

ሰው ነገር ሲደብቃችሁ ወደ ክፉው አትሩጡ። ለእናንተው ብሎ ይሆናል።

ደግሞ የእንጨት ክምር ከቤት አርቁ። የወፍ ጥሬም ግቢ ውስጥ አትበትኑ፤ አይጥ ይሰበስባል፣ እባቡም አይጧን ተከትሎ ከች ነው።

እስቲ አሁን ፍረዱ... አትፍረዱ ብዬ ፍረዱ ማለቴ ግራ ያጋባል፣ ይሁን!

ኒካኖር መሐላውን ማፍረሱ ልክ ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

እኔማ ይቅርታ እንኳ ገና አልጠየቅኩትም... ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ...

"አክስቴ ቶማሳ! አለሽ?"

ውይ፣ ኒካኖር ነው! መጣሁ ልጄ! ግሪሰልዳ፣ እዚህ ጋ ጻፊ፦ ቶማሳ ዛሬ ራሷ ሄዳ ልጁን ይቅርታ ጠየቀች ብለሽ!