ጣራው በአንድ እግሩ

ሳሊሃ ካሜራዋን ደግና ሳትጨርስ ሌላ ሚኒባስ ከጣራው ጥላ ሥር ገባ። ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የጣሊያን ዘመን ነዳጅ ማደያ፣ ክብ የሲሚንቶ ጣራውን የተሸከመው በአንድ ምሰሶ ብቻ ነበር። ምሰሶውን ግን ተራ የሚጠብቁ ታክሲዎች ከልለውታል። ማደያው ይፍረስ ወይስ በቅርስነት ይቆይ የሚለው በማግስቱ ይወሰናል፤ እሷ ደግሞ ለወሳኞቹ የምታቀርበው፣ ምሰሶውን ሙሉ የሚያሳይ አንድም ፎቶ አልነበራትም።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ከዚህ የወጣ ተራውን ያጣል» አላት ተራ አስከባሪው። «ለፎቶ ብሎ መጨረሻ የሚሰለፍ ማን ነው?»

«ከፈረሰ እኮ ፀሐይ ላይ ነው የምትሰለፉት። ረዳቶቹ ወርደው የመኪናቸውን ቦታ ይዘው ቢቆዩስ?»

«ሰው በመኪና ተራ!» ብሎ ሳቀና ፊሽካውን ነፋ።

ሚኒባሶቹ ጡሩምባ እየነፉ ወጡ። ረዳቶቹ በየመኪናቸው ቦታ በመስመር ቆሙ፤ አንደኛው መኪና በሌለበት «ውቅሮ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራ ጀመር። ሳሊሃ የፈለገችው ባዶውን ሕንፃ ስለነበር ወደ ዳር እንዲወጡላት ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ግን ተወችው። ጣራው ምን ያህል እንደሰፋ፣ ምሰሶውም ምን ያህል እንደቀጠነ በዐይን የታየው በሰዎቹ ቁመት ሲለካ ነበር። አነሳች። ምስሉን አጉልታ መረመረችው፤ ከዳር እስከ ዳር ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተከለለም።

«ወጣልሽ?» አለ ተራ አስከባሪው።

«እስቲ ይህን አይተው ያፍርሱት!» ብላ ካሜራዋን ወደ ረዳቶቹ ከፍ አደረገችው።