የማይገጥም ክዳን

ዳኛ እንዳያዳላ፣ የሚወዳቸውን ሰዎች ሁሉ ከአእምሮው አውጥተው እስኪፈርድ ድረስ ያስቀምጡለታል። ለሠፈር የሣጥን ሥራ ውድድርም ቢሆን ሕግ ሕግ ነው። የዕለቱ ዳኛ አናጢው አስናቀ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የተቀመጠችውን ሚስቱን ዘርትሁንን እንደ ማንኛዋም ሴት አይቶ አለፋት። የሠራችውን የዋንዛ ሣጥን አነሣና ክዳኑን ሞከረው።

«አይገጥምም» አለ። «እጁ እየተንቀጠቀጠ አናጢነት ያማረው ማነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዘርትሁን እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ፍርዱ አልቆ ትዝታው ሲመለስለት አስናቀ እየሮጠ መጣ። እጇ ከታመመ ጀምሮ የሹራቧን ቁልፎች የሚቆልፍላት እሱ ነውና እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ።

«ዘሪዬ፣ አላወቅሁሽም እኮ!»

«ፍርዱማ ልክ ነው» አለችና እጁን ገፋችው። «ተወው፤ እኔው እቆልፈዋለሁ።»

ዘበኛው ወንበሮቹን ሁሉ ሰብስቦ በሩን ሊዘጋ ሲመጣ፣ ገና ከመጀመሪያው ቁልፍ ጋር እየታገለች ነበር።