ራቪዮሊው ውስጥ ያልተነገረው ለውዝ

"አየሩን ሳታስወጪ ዘጋሽው አይደል?!"

"አስወጥቼ ነበር አክስቴ..."

"ታዲያ ይሄ ምንድነው? ሾርባ ነው?"

አክስቷ ጭልፋውን ከፈላው ውሃ አውጥታ የሚጢጢ አፍንጫ ስር ደቀነችው።

ራቪዮሊው ፈንድቷል... ውስጡ የነበረው አይብ ውሃው ላይ ተበትኗል።

"ሊጡን ስትገጥሚ ከመሃል ወደ ዳር በጣትሽ ጫን ጫን እያልሽ ነው አየሩ የሚወጣው! አየር ከቀረበት ይነፋል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ስንቴ ልንገርሽ?"

"ይቅርታ..."

"ይቅርታሽን ለደንበኛ በሳህን ላቅርብለት?"

ሚጢጢ ቁመቷ ስላጠረ የወጣላት ስም ነው። እዚህ ወጥ ቤት ከገባች ወዲህ ግን እውነትም እያነሰች የሄደች ይመስላታል።

አክስቷ የምግብ ቤቱ ባለቤት ናት። ራቪዮሊ የሚባለውን፣ በውስጡ ሙሌት ያለውን ፓስታ፣ ልክ እንደ ጣልያኖቹ ከሊጡ ጀምራ በእጇ ትሰራለች። እጇ ይወደዳል... አፏ ይፈራል።

"ከእንግዲህ አንድ ነገር ብታበላሺ ልብስሽን ሸክፈሽ ትወጫለሽ። ሰማሽ?"

ሰማች።

ግን ወጥታ የት ትሄዳለች? እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአክስቷ ሌላ ሰው የላትም።

እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ወደ ሊጧ ተመለሰች። በዱቄትና በእንቁላል የታሸውን ሊጥ፣ ከስሩ የእጇ ጥላ እስኪታይ ድረስ በመዳመጫ አሳሳችው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሳህኖች አሉ።

አንዱ ውስጥ አይብና ቆስጣ... ሌላው ውስጥ አይብና ቆስጣ ከተፈጨ ለውዝ ጋር።

አንዴ ከተዘጋ በኋላ ውስጡን ማየት ስለማይቻል፣ የቤቱ ደንብ በቅርጽ ነው። ለውዝ ያለበት አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆረጣል። ለውዝ የሌለበት ክብ።

ሚጢጢ ክቦቹን እየሰራች ሳለ... ሙሌቱ አለቀባት።

ጥቂት ቀርተዋታል። ሊጡ ተዘርግቶ እየደረቀ ነው።

"አትረፍርፊ ብዬሽ አልነበር?" የሚለው ጩኸት ገና ሳይመጣ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ።

አክስቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት... ጀርባዋን ሰጥታለች።

ከለውዙ ሙሌት በማንኪያ ቆንጠር አድርጋ ባዶዎቹ ላይ ጨመረች። ጠርዙን በውሃ አረጠበች፣ ሊጡን ገጠመች፣ አየሩን አስወጣች፣ በብርጭቆ አፍ ክብ አድርጋ ቆረጠችው።

"ማን ያውቃል?" አለች በልቧ።

ክቦቹ ወደ ውሃው ገቡ። አንድም አልፈነዳም።

አክስቷ አውጥታ ቅቤ አፈሰሰችባቸውና "እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ገና ሰው ሆንሽ" አለቻት።

እንዲህ ብላት አታውቅም...

በዚህ መሃል አፉ አያርፍምና ሬዲዮ የሚሉት አስተናጋጅ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

"እትዬ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ህጻን ሳህን ደርሷል? እናትየው እየደጋገመች አስጠንቅቃኛለች። ልጅቷ ለውዝ ከነካች ጉሮሮዋ አብጦ ትንፋሽ ያጥራታል አሉ። እኔም ክቡ ንጹህ ነው ብዬ በአባቴ አጥንት ምያለሁ!"

"አባትህ መቼ ሞተና?"

"ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት መሃላ ነዋ እትዬ!"

አክስቷ ሳቀች። ሬዲዮም እየሳቀ ሳህኑን አንስቶ ወጣ።

ሚጢጢ ብቻ ደርቃ ቀረች።

'ተናገሪ... አሁን ተናገሪ...'

አክስቷን አየች... የተሸከፈ ልብሷ ታያት... ጎዳናው ታያት...

በምግብ ማሳለፊያዋ መስኮት አጮልቃ ስታይ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ራቪዮሊ በሹካ ወግታ እፍ... እፍ... ትላለች።

ሚጢጢ እንዴት እንደሮጠች አታውቅም።

ሳህኑን በእጇ መታችው። ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

"እንዳትበላ! ለውዝ አለው!"

እናትየው ዘልላ የልጇን አገጭ ያዘች። "ቀመስሽ? ዋጥሽ እንዴ?"

"አልቀመስኩም... ያቃጥላል እኮ!"

አክስቷ እንደ አውሎ ነፋስ ከወጥ ቤት ወጣች።

"አንቺ! ምን አደረግሽ?!"

"ሙሌቱ ሲያልቅብኝ... ከለውዙ ጨመርኩበት..."

"ሰው ልትገይ ነበር! ለምን አልነገርሽኝም?!"

"ፈራሁሽ አክስቴ..."

ቤቱ ውስጥ ሹካ ያነሳ ሰው የለም።

አክስቷ ደንበኛዋን ይቅርታ ልትጠይቅ ዞር ስትል... ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ፊቷ ዱቄት መሰለ።

"ልጄ..."

ሚጢጢ ያን ጊዜ ገባት።

ይህች ሴት በወሬ ብቻ የምታውቃት የአክስቷ ልጅ ናት። የእናቷን ጩኸት መሸከም ቢያቅታት ከቤት ወጥታ፣ ለዓመታት ድምጿ የጠፋው እሷ ናት። ዛሬ ሳትናገር የመጣችው ልጇን ከአያቷ ጋር ልታስተዋውቅ ኖሯል።

አክስቷ ተንበረከከች። እጆቿን ዘረጋች።

"ነይ የኔ እናት... አያትሽ እኮ ነኝ..."

ህጻኗ ግን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

"እማዬ... ቅድም ውስጥ ስትጮህ የነበረችው ሴትዮ ናት..."

"ቆዪ ልጄ፣ አትሂጂ... አሁን በእጄ ሌላ እሰራላታለሁ... ለውዝ የሌለው..."

ልጇ ግን ፈርታ የቆመችውን ሚጢጢን አየቻት... የድሮ ራሷን ያየች መሰላት።

ከዚያ የህጻኗን ኮት አለበሰቻት። ቁልፎቹን ቀስ ብላ ቆለፈች። እጇን ያዘች።

ወጥታ ሄደች።

.

ወዳጆቼ... ሁልጊዜ የምንቆጣ ከሆነ ሰዎች መሳሳት አያቆሙም። የሚያቆሙት ለእኛ መንገር ነው።

የተሳሳተ ሰው ከእኛ የሚሸሽ ሳይሆን ቀድሞ ወደ እኛ የሚሮጥ ይሁን። የፈራችሁም ብትሆኑ... ድምፃችሁ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ቶሎ ተናገሩ።

እናንተ በአክስትየዋ ልጅ ቦታ ብትሆኑ ትሄዱ ነበር... ወይስ ለእናታችሁ አንድ ዕድል ትሰጡ ነበር? እስቲ ሃሳባችሁን ከስር ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።