ሰባ አንድ ፖስታ

ሎርና ስቴንሩድ የትምህርት ቤቱን ጂምናዚየም በር ስትከፍት ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደርሶ ነበር። መጀመሪያ የክትባት ቀን መሰላት። ከዚያ በየልጁ እጅ ያለውን ፖስታ አየች።

ልጆቹን ያነሳቻቸው በመስከረም ነው። ፎቶውን ያልወደደ ልጅ በኅዳር ፎቶው ያለበትን ፖስታ ይዞ ይመለሳል፤ በነጻ እንደገና ይነሳል። ከመቶ ልጅ ሰባት ስምንቱ ቢመለስ የተለመደ ነው። ከአሥር ካለፈ ግን የቀጠራት የፎቶ ኩባንያ ፎቶ አንሺውን ያሰናብታል። የሃልቨርሰን ትምህርት ቤት ዘጠና አራት ልጆች አሉት። ሎርና ሰልፉን ስትቆጥር ሃምሳ ላይ ደርሳ ተወችው።

ካሜራ የያዘችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ሁለት ዓመት የሰው ሠርግ፣ የጎረቤት ጥጃ፣ የተገለበጠ ትራክተር ሳይቀር ስታነሳ ኖራለች። እንጀራዋ ግን የእህል ጎተራው ቢሮ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ያን ሥራ ለቃ ለኩባንያው ተቀጠረች። ወንድሟ ዴል፣ ሰው በሃምሳ አንድ ዓመቱ መነጽር ይቀይራል እንጂ ሥራ አይቀይርም ብሎ ስቆባት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በተቀመጠችበት ወንበር ላይ በሳምንቱ ሌላ ሴት ተቀመጠች። መመለሻ አልነበረም።

ተቆጣጣሪዋ አቶ ፕሪዊት ከፋርጎ ከተማ በጠዋት ደርሰው ነበር። በመስከረምም ሰዓታቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆመው ነበር፤ ለአንድ ልጅ አርባ ሴኮንድ ነው ደንቡ። ሎርና ግን ፊቱን ያኮሳተረ ልጅ ማንሳት አይሆንላትም። አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ ፊቱ እስኪፈታ ትጠብቃለች። አቶ ፕሪዊት በየመሃሉ «በቃ፣ ቀጣይ» እያሉ ልጆቹን ያስነሱ ነበር።

«ሎርና፣ ፎቶ ነው የምናነሳው» ብለዋት ነበር ያን ቀን። «ንስሐ አንቀበልም።»

ዛሬ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከመኪናቸው ሁለተኛ ካሜራ አውጥተው ከጎኗ ተከሉና ልጆቹን ወደዚህ ኑ አሏቸው። አንድም ልጅ ወደ እሳቸው ዝር አላለም። ሎርና አንገቷን ደፋች። ልጆቹ ያበላሸችው ራሷ ታስተካክል ተብለው ከቤት ተመክረው መጥተዋል ብላ አሰበች።

ስለዚህ እንደ ደንቡ ሠራች። ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ ፈገግ፣ ጨርሰሃል። ከዚያ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። ልጆቹ ግን ከወንበሩ ቶሎ አይነሱም፤ ቁጭ ብለው ያዩዋታል።

«ይኸው ነው?» አላት አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ።

«ይኸው ነው።»

ልጁ ከንፈሩን ነክሶ ወጣ። ይህን ያህል ቅር ያሰኘሁት ምኑን አበላሽቼበት ነው ስትል አሰበች። ከኋላው ሁለት ልጆች ይጋፉ ነበር። «ተሰልፈህ ነው ወይስ ተሰክተህ?» አለው አንዱ። «ካንተ በፊት ነው የመጣሁት» አለ ሌላው፤ «አንተ ደሞ ስትጀምር አታቆምም።» ሎርና ልቧ እዚያ አልነበረም።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጉድረን የተመለሱትን ፖስታዎች ካርቶን ውስጥ እየጨመረች አጉረመረመች። ብዙዎቹ ውስጥ ትልቁ ፎቶ የለም፤ ያለው ትንንሹ ብቻ ነው።

«ቀደው ጥለውታል ማለት ነዋ» አሉ አቶ ፕሪዊት።

ሎርና የሚቀጥለውን ልጅ ሁለት ጊዜ አነሳችው። ከካርቶኑ አንዱን ፖስታ ከፍታ፣ ያጠፋችው ብርሃኑን ይሁን ትኩረቱን ለማየት እጇን ሰደደች፤ ግን ድፍረት አጥታ መለሰችው። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ አያለሁ ስትል ምንም ሳታይ ኖራ ከሆነስ?

ከምሳ በፊት ቁጥሩ ሰባ ላይ ደረሰ። አቶ ፕሪዊት ክፉ ሰው አልነበሩም። የስንብት ወረቀቱን ሲሰጧት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለቤተሰቡ ብቻ ፎቶ ለማንሳት የሚሆን ዓይን ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ነውር የለውም አሏት። እሷም ነውር የለውም አለች። ፈረመች። ስሟን ስትጽፍ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ተደራረቡባት። ካሜራውን ከማቆሚያው ነቅላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። እንባዋ እንዳይታይ የሽቦዎቹን ጥቅል ደጋግማ ትጠቀልል ጀመር።

አንዲት ልጅ ቀርታ ነበር፤ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ የሁለተኛ ክፍሏ ኤልሲ። ሰባ አንደኛዋ። አቶ ፕሪዊት በራሳቸው ካሜራ ሊያነሷት ወንበሩን አሳዩዋት። አልቀመጥም አለች።

እሳቸውም ትዕግሥታቸው አልቆ የድጋሚ ፎቶ ቅጹን አነሱ። ለሰባው ልጆች «ምክንያት» የሚለውን ቦታ በባዶ ነበር ያለፉት፤ አንዱ እንኳ ይሞላ ብለው እስክሪብቶ አወጡ።

«እሺ ንገሪኝ፤ ፎቶሽ ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ምንም አልተበላሸም፤ እማዬ ሳሎን ሰቅላዋለች» አለች ኤልሲ። «ባለፈው እርስዎ ወሬያችንን ሳንጨርስ ስላስነሱን፣ ለወይዘሮ ሎርና ልንጨርስላቸው ነው የተሰለፍነው።»